ቅድሚያ ለማን? በወረርሽኝ ወቅት የክትባትና የመንግሥት ድጋፍ ቅደም ተከተል አወሳሰን

ወቅታዊ ትንታኔ

በሀገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ ይፋ የተደረገው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ የበሽታው መከላከያ ክትባት በአዲስ አበባ በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለጤና ባለሙያዎች መሰጠት መጀመሩ ይታወሳል። ክትባቱ ወደ ሀገር የገባው ከዚያ ስድስት ቀን ቀደም ብሎ፣ የካቲት 28 ቀን ሲሆን፣ ኮቫክስ በተባለው ዓለም አቀፍ የክትባት ጥምረት አማካይነት የተገኘው መጠን 2 ሚሊዮን 184 ሺህ ዶዝ አስትራዜኔካ ነበር።

ይህ ቁጥር ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። ይሁን እንጂ አንድ ሰው ሁለት ዶዝ መውሰድ ስለነበረበት፣ የደረሰው መጠን ሙሉ በሙሉ ሊበቃ የሚችለው ለ1 ሚሊዮን 92 ሺህ ሰዎች ብቻ ነበር። የሀገሪቱ ሕዝብ ከ100 ሚሊዮን በላይ መሆኑ ሲታሰብ፣ ከየመቶው ሰው አንዱ ተከትቦ የቀሩት ዘጠና ዘጠኙ የሚጠብቁበት ጊዜ ነበር ማለት ነው። በዚያ ወቅት በጤና ጣቢያዎች በር ላይ ከተገልጋዮች በተደጋጋሚ የሚነሣው ጥያቄም አንድ ነበር፦ «እኔስ መቼ ነው?»

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስ ማግኘትም የዜጎች መብት ነው። ይህ ጽሑፍ በወረርሽኝ ጊዜ ክትባትና የመንግሥት ድጋፍ ለማን ቀድሞ እንደሚሰጥ፣ ለምን እንደሚሰጥ፣ ከኮቪድ-19 ልምድም ምን እንደተማርን ያብራራል። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ በአጭሩ ሲገለጽ እንዲህ ነው፦ ፍትሐዊ የቅድሚያ አሰጣጥ በወረቀት ላይ በሚሰፍር ቅደም ተከተል ብቻ አይረጋገጥም። ቅደም ተከተሉ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ በመዝገብ ላይ ስሙ የሌለ ሰው ተራው ሳይደርሰው ሊቀር ይችላል።

ሁለት የተለያዩ ሰልፎች

ወረርሽኝ ሰውን በሁለት መንገድ ይጎዳል። አንዱ በበሽታው ራሱ ነው፤ ሌላው በሽታውን ለመከላከል ሲባል በሚቋረጠው ሥራ፣ በሚዘጋው ገበያና በሚቀንሰው ገቢ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መንገዶች ይበልጥ የሚጎዱት ሰዎች ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደሉም።

ለምሳሌ ያህል ሁለት ሰዎችን እናስብ። አንደኛዋ ስኳርና የደም ግፊት ያለባቸው የ70 ዓመት እናት ናቸው፤ የጡረታ አበላቸው በየወሩ ይደርሳቸዋል። ሁለተኛው በግንባታ ቦታ በቀን ሥራ የሚተዳደር የ25 ዓመት ወጣት ነው፤ ሥራው ከቆመ በዚያው ቀን ገቢው ይቆማል። በሽታው ቢይዛቸው ለሕይወታቸው ይበልጥ የሚያሰጋው ለእናቲቱ ነው፤ ስለዚህ በክትባት ሰልፍ ላይ እርሳቸው ይቀድማሉ። በገቢ መቋረጥ ቶሎ የሚጎዳው ግን ወጣቱ ነው፤ ስለዚህ በድጋፍ ሰልፍ ላይ እርሱ ይቀድማል። ከሁለቱ አንዱ ከሌላው የበለጠ ክቡር ስለሆነ አይደለም። ቅደም ተከተል የሚለካው አደጋን እንጂ የሰውን ዋጋ አይደለም።

ይህን ልዩነት መረዳት ለተገልጋዮች ጠቃሚ ነው። በአንዱ ሰልፍ ቅድሚያ ያላገኘ ሰው በሌላው ሊያገኝ ይችላል። በአንጻሩ በሁለቱም መንገድ የተጎዱ ወገኖች አሉ፤ ለምሳሌ ተጓዳኝ ሕመም ኖሮባቸው የዕለት ጉርሳቸውን በዕለት ሥራ የሚያገኙ አረጋውያን። እነዚህ ወገኖች በሁለቱም ሰልፎች መቅደም ሲገባቸው በሁለቱም የሚረሱበት አጋጣሚ መኖሩ ከልምድ የታየ ችግር ነው።

በሀገራችን ታሪክም ተመሳሳይ ትምህርት አለ። በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. የተስፋፋውና አባቶቻችን «የኅዳር በሽታ» ብለው የሰየሙት ወረርሽኝ ክትባት አልነበረውም። በዘመኑ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኮንን ሳይቀሩ ታመው ድነዋል። ሐኪም፣ አስታማሚና ስንቅ ያለው ሰው የመትረፍ ዕድሉ አንድ ጎጆ ውስጥ ቤተሰቡ በሙሉ ከተኛበት ሰው የተሻለ እንደነበር ግልጽ ነው። በሽታው ማንንም አይመርጥም ቢባልም፣ ጉዳቱ ግን እንደየሰው አቅም ይለያያል። የመንግሥት ድጋፍ አስፈላጊ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

የክትባቱ ቅደም ተከተል በምን ተመራ?

የዓለም ጤና ድርጅት በክትባት ጉዳይ የሚያማክረው የባለሙያዎች ቡድን ክትባቱ ገና ለአገልግሎት ሳይበቃ የቅድሚያ አሰጣጥ ፍኖተ ካርታ አዘጋጅቶ ነበር። ኮቫክስም ክፍፍሉን የጀመረው በመጀመሪያ የየሀገሩን ሕዝብ 3 በመቶ፣ ቀጥሎም እስከ 20 በመቶ ለመሸፈን በማቀድ ነው። የመጀመሪያው 3 በመቶ በዋናነት የታሰበው ለጤናና ለማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች ሲሆን፣ እስከ 20 በመቶ ያለው ደግሞ ለአረጋውያንና ተጓዳኝ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ነበር።

በኢትዮጵያም የተከተልነው መንገድ ከዚህ ጋር የሚጣጣም ነበር። በመጀመሪያ ረድፍ የጤና ባለሙያዎችና በጤና ተቋማት የሚሠሩ ድጋፍ ሰጪዎች ተቀመጡ። ቀጥሎ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ እንዲሁም ከ55 እስከ 64 ዓመት ሆነው ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ዜጎች ቅድሚያ ተሰጣቸው።

የጤና ባለሙያዎች ለምን ቀደሙ? ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ በየቀኑ ከታማሚዎች ጋር ስለሚገናኙ የመያዝ ዕድላቸው ከፍተኛ ነው። ሁለተኛ፣ ሲያዙ ለሌላ ሕመም የመጡ ደካማ ታካሚዎችን ሊያስይዙ ይችላሉ። ሦስተኛ፣ አንድ አዋላጅ ነርስ ከሥራ ስትለይ የሚጎዱት የእርሷን እጅ የሚጠብቁ እናቶች በሙሉ ናቸው። የክትባቱ ቅድሚያ ለባለሙያው የተሰጠ ሽልማት ሳይሆን ለአገልግሎቱ ቀጣይነት የተሰጠ ዋስትና ነው።

ይሁንና ቅደም ተከተሉ በሁሉም ሀገር አንድ ዓይነት አልነበረም። ኅዳር 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ክትባት የጀመረችው ብሪታኒያ በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩትንና ተንከባካቢዎቻቸውን አስቀድማ፣ ከ80 ዓመት በላይ የሆኑትንና ግንባር ቀደም የጤና ሠራተኞችን አስከትላ፣ ከዚያ በዕድሜ ወደ ታች ወርዳለች። ዓላማዋ በተቻለ ፍጥነት ሞትን መቀነስ ነበር። በሚቀጥለው ጥር ወር የጀመረችው ኢንዶኔዥያ በበኩሏ ከጤና ባለሙያዎች ጋር ከ18 እስከ 59 ዓመት ያሉትን አስቀድማለች። ለዚህ ከሰጠቻቸው ምክንያቶች አንዱ በእጇ የነበረው የሲኖቫክ ክትባት በሀገሯ የተሞከረው በዚሁ የዕድሜ ክልል ላይ መሆኑ ነው፤ ሌላው በሥራ ላይ የሚንቀሳቀሰውን ሕዝብ መከላከል የበሽታውን ሥርጭት ይገታል የሚል ነበር።

ከዚህ የምንረዳው ቅደም ተከተል የሳይንስ ውጤት ብቻ አለመሆኑን ነው። ሳይንስ የትኛው ሰው ለምን ያህል አደጋ እንደተጋለጠ ይነግረናል። ከሞት ማዳን ይቅደም ወይስ ሥርጭትን መግታት የሚለውን ግን የሚወስነው ኅብረተሰብና መንግሥት ነው። ስለሆነም ውሳኔው ከነምክንያቱ ለሕዝብ መገለጽ አለበት፤ ያልተብራራ ቅደም ተከተል፣ ትክክል ቢሆን እንኳ፣ አድልዎ ይመስላል።

ዕድሜን መስፈርት ማድረግና የልደት ማስረጃ ጉዳይ

ዕድሜ ቀላል መስፈርት ይመስላል። በሀገራችን ግን የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት ኩነቶችን በሕግ ሥርዓት መመዝገብ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። በ2013 ዓ.ም. 65 ዓመት የሞላቸው ወላጆቻችን የተወለዱት ከዚያ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው። ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን የሚናገሩት በልደት ምስክር ወረቀት ሳይሆን «ጣሊያን በገባ በስንተኛው ዓመት» ወይም «ንጉሡ በወረዱ ጊዜ ልጄ ይህን ያህል ነበር» በማለት ነው።

ማስረጃን በጥብቅ የሚጠይቅ አሠራር በዚህ ሁኔታ ውስጥ ሊጠብቃቸው ያሰባቸውን ሰዎች መልሶ ሊያስወጣ ይችላል። ሥር የሰደደ ሕመምን መስፈርት ማድረግም ተመሳሳይ ችግር አለው። የስኳር ሕመም እንዳለበት የሚያውቀው የመመርመር ዕድል ያገኘ ሰው ነው። ከጤና ጣቢያ ርቆ የሚኖርና ተመርምሮ የማያውቅ ሰው ሕመሙ ቢኖርበትም በሰልፉ ላይ «ጤነኛ» ተብሎ ይቆጠራል። ስለዚህ ሕክምና ያላገኘ ሰው በድጋሚ የሚጎዳበት ሁኔታ ይፈጠራል።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የሚያስችል አንድ ጠንካራ መሠረት አለን። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ባለሙያዎችን ያሰማራ ሲሆን፣ ባለሙያዎቹ በገጠር የየቤቱን የጤና መረጃ «የቤተሰብ ማኅደር» በሚባለው መዝገብ ይይዛሉ። በአንድ ቤት አረጋዊ፣ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ወይም የአልጋ ቁራኛ መኖሩን ከማንም በፊት የምታውቀው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ናት። በወረርሽኝ ጊዜ ትክክለኛ ቅደም ተከተል የሚገኘው ይህ ዕውቀት አስቀድሞ ተመዝግቦ ከቆየ ነው።

አቅርቦት ሲስተጓጎል

የመጀመሪያው ዙር ክትባት በተጀመረበት በዚያው መጋቢት ወር ሕንድ ውስጥ ወረርሽኙ ስለተባባሰ ወደ ውጭ የሚላከው ክትባት ተቀነሰ። የኮቫክስ አቅርቦት በአብዛኛው የተመሠረተው በሕንድ በሚመረተው አስትራዜኔካ ላይ ስለነበር በብዙ የአፍሪካ ሀገሮች የሁለተኛው ዶዝ ጊዜ ተስተጓጎለ። ስለዚህ አዲስ ጥያቄ ተነሣ፦ በእጅ ያለው ክትባት አንዴ የተከተቡትን ያሟላ ወይስ ገና ያልተከተቡትን ይጀምር?

የክትባት ዓይነት መብዛቱም የራሱ ትርጉም ነበረው። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ከቻይና 300 ሺህ ዶዝ ሲኖፋርም፣ በሐምሌ ወር ደግሞ ከአሜሪካ ከ450 ሺህ ዶዝ በላይ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ተገኝቷል። አስትራዜኔካ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚያቀዘቅዝ የተለመደ ማቀዝቀዣ ይቀመጥ ነበር። ፋይዘር ግን ለረጅም ጊዜ ለማቆየት ከዜሮ በታች ወደ 70 ዲግሪ የሚደርስ ልዩ ማቀዝቀዣ ይፈልግ ስለነበር ከትላልቅ ከተሞች ማራቅ አስቸጋሪ ነበር። ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን በአንድ ዶዝ የሚበቃ በመሆኑ ዛሬ አግኝተናቸው ነገ ለማናገኛቸው ወገኖች፣ ማለትም ለተፈናቃዮች፣ ለአርብቶ አደሮችና ለረጅም ርቀት አሽከርካሪዎች የተሻለ አመቺ ነበር። ስለዚህ «ለማን ይሰጥ» የሚለው ጥያቄ «የትኛው ይሰጥ» ከሚለው ጥያቄ ጋር አብሮ መታየት አለበት።

አቅርቦቱ እየተሻሻለ ሲሄድ ሰልፉ እየሰፋ መጥቶ ከኅዳር 7 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑትን ሁሉ ያካተተ ዘመቻ ተካሂዷል። በዚህ ደረጃ ችግሩ ገጽታውን ለወጠ፤ ቀደም ሲል ሰው ክትባት ይጠብቅ ነበር፣ በኋላ ክትባት ሰው መጠበቅ ጀመረ። ከየቦታው የሚወራው አሉባልታ፣ የርቀት ችግርና «በሽታው አልፏል» የሚል ስሜት ብዙዎችን አስቀርቷል። በመጀመሪያው ወቅት የቅደም ተከተሉ ምክንያት በሚገባ ከተብራራ፣ ሕዝቡ በኋላ የሚደረግለትን ጥሪ አምኖ የመቀበል ዕድሉ ይሰፋል።

ቅድሚያ መስጠት ሲባል የሚታወሰው አዲሱ በሽታ ብቻ መሆን የለበትም። ወረርሽኙ በነበረበት በ2012 ዓ.ም. ክረምት ከ14 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት የኩፍኝ ክትባት እንዲያገኙ ተደርጓል። ያ ዘመቻ ቢተው ኖሮ ከአንዱ በሽታ የተጠበቀ ሕፃን በሌላው ይጎዳ ነበር።

የድጋፉ ሰልፍ፦ ማን ደረሰበት፣ ማን ቀረ?

መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅና ለማስፈጸሚያው የወጣው ደንብ ቁጥር 466/2012 የእንቅስቃሴ ገደብ ብቻ አልነበሩም። አከራዮች ተከራይን እንዳያስወጡና ኪራይ እንዳይጨምሩ፣ አሠሪዎችም ከተቀመጠው ሥርዓት ውጭ ሠራተኛ እንዳያሰናብቱ ይከለክሉ ነበር። በግብር በኩል ሥራቸው ቢቀዘቅዝም ለሠራተኞቻቸው ደመወዝ መክፈል ለቀጠሉ ድርጅቶች ከደመወዝ የሚቆረጠው ግብር ለአራት ወራት እንዳይከፈል ተደርጓል። በከተሞች ልማታዊ ሴፍቲኔት የታቀፉ ተጠቃሚዎች የአካባቢ ልማት ሥራ ሳይሠሩ የሦስት ወር ክፍያ በቅድሚያ እንዲያገኙ ተወስኗል። በየሠፈሩም «ማዕድ ማጋራት» በሚል ጥሪ ዜጎች ካላቸው ለጎረቤት ያካፈሉበት ጊዜ ነበር።

እነዚህ እርምጃዎች ብዙዎችን ታድገዋል። ሆኖም እያንዳንዱ እርምጃ የሚደርሰው በየትኛው በር በኩል እንደሆነ ልብ ማለት ያስፈልጋል። የግብሩ እፎይታ የሚደርሰው በሕጋዊ ድርጅት ለተቀጠረ ሠራተኛ ነው፤ በሰው ቤት ለምትሠራ ወጣት፣ ለጫኝና አውራጅ፣ ለሊስትሮና ለጉልት ነጋዴ ግን አይደርስም። የኪራዩ ጥበቃ ውል ላለው ተከራይ ይሠራል፤ በቃል ስምምነት በአንድ ክፍል ለሚኖር ቤተሰብ ማስረጃ ያጥረዋል። የከተማው ሴፍቲኔት በወቅቱ የሚሠራው በ11 ከተሞች ሲሆን፣ ተጠቃሚው ቀደም ብሎ የተመዘገበው ነው። ወረርሽኙ ባመጣው ችግር ትናንት ሳይደኸይ ዛሬ የደኸየው ሰው በዚያ መዝገብ ላይ አልነበረም።

በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ወደ ሀገር ሲመለሱ የታየውም ይኸው ነው። ለይቶ ማቆያ ተዘጋጅቶላቸው ቆይተዋል። ከዚያ ሲወጡ ግን ብዙዎቹ የነዋሪነት መታወቂያ፣ የሚመለሱበት ሥራና የተመዘገቡበት ቀበሌ አልነበራቸውም። ለቤተሰባቸው ገንዘብ ይልኩ የነበሩት ሰዎች ድጋፍ ፈላጊ ሲሆኑ ጉዳቱ በላኪውም በተቀባዩም ቤት ይገባል።

ስለዚህ «ይበልጥ የተጎዳ ማኅበረሰብ» ስንል በአንድ ቦታ ተሰባስቦ የሚኖር ሕዝብ ብቻ ማለታችን አይደለም። የካሊፎርኒያ ግዛት በየካቲት 2013 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከክትባቱ 40 በመቶውን በወረርሽኙ ይበልጥ ለተጎዱ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሠፈሮች መድቧል። መስፈርቱ የፖስታ አድራሻ ነበር። ይህ ድሃው በአንድ ሠፈር፣ ባለጸጋው በሌላ በሚኖርበት ከተማ ይሠራል። በእኛ ከተሞች ግን ፎቁና የላስቲክ ቤቱ፣ ባለሱቁና የቤት ሠራተኛዋ በአንድ ቀበሌ፣ አንዳንዴም በአንድ ግቢ ይኖራሉ። በሠፈር ብቻ የሚመድብ አሠራር እዚህ አጎራባቹን ጠቅሞ ችግረኛውን ሊያልፍ ይችላል። ለእኛ የሚስማማው ሠፈርን፣ የሥራ ዓይነትንና የቤተሰብ ሁኔታን አጣምሮ የሚያይ መስፈርት ነው።

ጥያቄው አላለፈም

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19 የዓለም የጤና አስቸኳይ ስጋት መሆኑ ማብቃቱን ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አስታውቋል። የቅድሚያ ጥያቄ ግን አልተዘጋም።

በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ ዞን የተነሣው ኮሌራ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ሲዛመት የኮሌራ ክትባት በዓለም ደረጃ እጥረት ላይ ነበር። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የክትባት ክምችት አስተባባሪ አካል ለወረርሽኝ ምላሽ ሁለት ዶዝ መስጠቱ ለጊዜው ቀርቶ አንድ ዶዝ ብቻ እንዲሰጥ ወስኗል። አንድ ዶዝ የሚሰጠው ጥበቃ አጭር ነው፤ ነገር ግን በተመሳሳይ መጠን እጥፍ ሕዝብ ይደረሳል። ጥቂቶችን ለረጅም ጊዜ ከመጠበቅ ብዙዎችን ለአጭር ጊዜ መጠበቅ ተመረጠ። በዚህ ምርጫ የሚገኘው ጊዜ ጥቅም ላይ የሚውለው ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ሲገነባበት ነው፤ አለበለዚያ ሕዝቡ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደነበረበት አደጋ ይመለሳል።

በግንቦት 2017 ዓ.ም. በሞያሌ የዝንጀሮ ፈንጣጣ፣ በኅዳር 2018 ዓ.ም. ደግሞ በጂንካ የማርበርግ በሽታ መገኘቱ ተረጋግጧል። ለማርበርግ ፈቃድ ያገኘ ክትባት የለም። ክትባት በሌለበትም ቅደም ተከተል አለ፦ ጓንትና መከላከያ አልባሳት ቀድሞ ለማን ይድረስ፣ በለይቶ ማቆያ የሚቀመጥ የቤተሰብ ኃላፊ ልጆቹ በምን ይተዳደሩ የሚለው መወሰን አለበት። ሰው ለምርመራ ራሱን የሚያቀርበው ቤተሰቡ እንደማይራብ ሲያውቅ ነው። በዚህ ረገድ የድጋፉ ሰልፍና የጤናው ሰልፍ አንዱ ለሌላው አጋዥ ናቸው።

ተገልጋዮች ምን ማወቅና ምን ማድረግ ይገባቸዋል?

ከላይ የተገለጸው ልምድ እንደሚያሳየው የቅድሚያ ውሳኔ የሚፈጸመው በወረርሽኙ ቀን ቢሆንም የሚዘጋጀው በሰላሙ ጊዜ ነው። በመሆኑም ተገልጋዮች የሚከተሉትን እንዲያስተውሉ እንመክራለን።

1. ቤተሰብዎ መመዝገቡን ያረጋግጡ። በገጠር በአቅራቢያዎ በሚገኘው ጤና ኬላ የቤተሰብ ማኅደርዎ ወቅታዊ መሆኑን ይጠይቁ። በቤትዎ አረጋዊ፣ አካል ጉዳተኛ፣ ነፍሰ ጡር ወይም የአልጋ ቁራኛ ካለ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ያሳውቁ። በቅርቡ ወደ አካባቢው የመጡ ከሆነም ይህንኑ ያድርጉ።

2. የልደትና ሌሎች ወሳኝ ኩነቶችን በጊዜው ያስመዝግቡ። ዛሬ የሚመዘገብ ልደት ነገ በክትባትና በትምህርት ቤት፣ ከዓመታት በኋላም በጡረታ ጊዜ ማስረጃ ይሆናል።

3. ሥር የሰደደ ሕመም ካለብዎ የክትትል ካርድዎን ይጠብቁ። የደም ግፊትና የስኳር መጠንዎን ተመርምረው የማያውቁ ከሆነ ወረርሽኝ ሳይመጣ ይመርመሩ።

4. የክትባት ካርድዎን አይጣሉ። የትኛውን ክትባት፣ መቼ እንደወሰዱ የሚያሳየው እርሱ ነው። የኮቪድ-19 ክትባት በመንግሥት ጤና ተቋማት የተሰጠው በነፃ መሆኑን ያስታውሱ። በወረርሽኝ ዘመቻ ለሚሰጥ ክትባት ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠመዎ ለተቋሙ ኃላፊ ያሳውቁ።

5. በሴፍቲኔት ምልመላ መስፈርቱን የመጠየቅ መብት አለዎት። ምልመላው የሚካሄደው በማኅበረሰቡ ተሳትፎ ሲሆን፣ የተመረጡት ስም ዝርዝር ለሕዝብ ይፋ መደረግ አለበት። ያለ አግባብ ቀርቻለሁ የሚል ሰው አቤቱታውን ለቀበሌው ወይም ለወረዳው የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያቀርባል። አቤቱታ ማቅረብ በማንም ላይ ክስ መመሥረት አይደለም፤ መዝገቡ የሚታረምበት መንገድ ነው።

6. ለራስዎ ብቻ አይጠይቁ። ማንበብ የማይችሉ ጎረቤት፣ ከቤት የማትወጣ የቤት ሠራተኛ፣ ማየት የተሳናቸው አረጋዊ ዝርዝሩ መለጠፉን ላያውቁ ይችላሉ። በዕድራችሁ፣ በማኅበራችሁና በሠፈራችሁ የቀረ ሰው ካለ ስሙን አሰሙ።

7. ለጤና መረጃ በነፃ የስልክ መስመሮች 952 እና 8335 ይጠይቁ። ያልተረጋገጠ ወሬ ለሌላው ከማስተላለፍዎ በፊት ከባለሙያ ያጣሩ።

ማጠቃለያ

በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ከየመቶው ሰው ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ክትባት ይዘን ሥራ ስንጀምር፣ ሁሉንም በአንድ ቀን ማስደሰት እንደማይቻል ይታወቅ ነበር። የሚቻለው ለምን እርስዎ ዛሬ፣ ለምን ሌላው ነገ እንደሆነ በግልጽ መናገር ነበር። ተራው ያልደረሰው ሰው ምክንያቱ ሲነገረው ይታገሣል፤ ከመዝገብ የቀረ ሰው ግን የሚታገሠው ተራ እንኳ የለውም።

ስለዚህ ከመንግሥት አካላት የሚጠበቀው መስፈርቱን አስቀድሞ ማውጣት፣ በሚገባ ቋንቋ ማስረዳትና ሰልፉ ላይ ያልቆሙትን ፈልጎ ማግኘት ነው። ከኅብረተሰቡ የሚጠበቀው መመዝገብ፣ መጠየቅና የተረሳውን ጎረቤት መጠቆም ነው። የሚቀጥለው ወረርሽኝ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። በዚያን ቀን በእጃችን የሚኖረው መዝገብ ግን ዛሬ የምንጽፈው ነው።